የፍሬን ዘይት ውሃ ሲጠጣ

እህል ጭነን ወደ ገበያ የምንልክባት አሮጌ መኪና አለች። ሾፌሩን «የፍሬን ዘይት መቼ ተቀየረ?» ብንለው፣ «ፍሬኑ ይይዛል፤ ምን ያስቀይረዋል?» ይለናል። ሜዳ ላይ እውነቱን ነው። ቁልቁለት ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ቀስ በቀስ ውሃ ይጠጣል። ውሃው በዓይን አይታይም።

ከጎሐ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ ያለው መንገድ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። እዚያ ፍሬን ደጋግሞ ሲረገጥ እንደ ምጣድ ይግላል። ቁጥር 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሙቀት ሳይፈላ ይችላል። ውሃ ሲጠጣ ግን 140 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል። መርገጫው ወለል ይነካል፤ መኪናዋ ግን አትቆምም። ጭነቱ የእኛ ነው። የተሳፈረውም የእኛው ሰው ነው።

ስለዚህ ዘይቱ በየ2 ዓመቱ ቢቀየር ይበጃል። ሥራው የመካኒክ ነው። እንዲህ ይሠራል፦

1. መኪናዋ ሜዳ ላይ ትቆማለች። ለጎማዋ ታኮ ይደረጋል።
2. አሮጌው ዘይት ከማጠራቀሚያው ይቀዳል። አዲስ ይሞላል።
3. አንዱ ሰው ፍሬን ይረግጣል። ሌላው ጎማው ዘንድ ያለውን ማስተንፈሻ ብሎን ይፈታል። አሮጌው ዘይት ይወጣል።
4. እግር ከመነሣቱ በፊት ብሎኑ ይዘጋል። አለዚያ አየር ይገባል።
5. ንጹሕ ዘይት ያለ አረፋ እስኪወጣ ይደጋገማል። በየጎማው እንዲሁ ይደረጋል። ማጠራቀሚያው መድረቅ የለበትም።

አሮጌ መኪና ጥንቃቄ ትፈልጋለች። የዛገ ብሎን በጉልበት ከተፈታ ይሰበራል። መርገጫውም እስከ ወለሉ አይረገጥ፤ የውስጡ ጎሚኒ ይቆረጣል። ከሥሩ ቁራጭ እንጨት ማስቀመጥ ይረዳል።

የሞተር ዘይት ከቶ አይጨመር! ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። ተከፍቶ የከረመ ጣሳም አይሆንም። በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ 3 ወይም 4 የሚል ቁጥር ካለ፣ ከጣሳው ቁጥር ጋር አስተያዩት።

በአየር ብቻ የሚሠራ ፍሬን ያላቸው ትልልቅ መኪናዎች ይህ ዘይት የላቸውም።

ዘይቱ የተቀየረበት ቀን በወረቀት ተጽፎ መኪናዋ ውስጥ ይለጠፍ። ከመጫናችን በፊት እናንብበው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

እንወያይ፦
ሀ. የፍሬን ዘይት ውሃውን ከየት ያገኛል?
ለ. በአካባቢያችን ያለችው መኪና ዘይቷ መቼ ተቀየረ?