ስሙን የለወጠ ድርጅትና የእኔ ጥቁር መዝገብ

ባለፈው ስለ ልጆች የቶንሲል ሕመም ከጻፍኩ በኋላ ደውላችሁ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኮምፒውተር ነው። አትሳቁ። ነገሩ ከቶንሲሉ ብዙም አይርቅም።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን የምሠራባት አንዲት የግል ክሊኒክ አለች። እዚያ በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን የሚወጉ ልጆች አሉን። የጉሮሮ ሕመማቸው በጊዜው ሳይታከም ቀርቶ የልባቸው በር የተጎዳባቸው ናቸው። መርፌው የተጎዳውን አይመልስም፤ ሕመሙ እንዳያገረሽና ጉዳቱ እንዳይባባስ ግን ይጠብቃቸዋል። ለዓመታት የሚወሰድ ነው፤ ያማልም። ገና እኔን በበሩ ሲያዩ ፊታቸው የሚለወጥ አሉ። ቀኑ ሲደርስ ካልተደወለ ልጁ ደስ ብሎት ዝም ይላል፣ እናትም በኑሮ ሩጫ ትረሳዋለች።

የልጆቹ ዝርዝር የነበረው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ፕሮግራሙ በየዓመቱ በዶላር እየተከፈለበት ከውጭ የመጣ ነበር። ጥሩ ፕሮግራም ነበር፣ አልዋሽም፤ ጠዋት ሲከፈት የዛሬ ባለተራዎችን ከነስልካቸው ይዘረዝራል። አንድ ሰኞ ጠዋት ግን የካርድ ክፍሏ ልጅ ሮጣ መጣችና "ሲስተር፣ አልከፍት ብሎኛል፤ የማላውቀው ስም ነው የሚያሳየኝ" አለችኝ። ሄጄ አየሁ። የምናውቀው ምልክት የለም፤ በቦታው ሌላ ስም፣ ሌላ ቀለም። ምርቱ ወደ አዲስ ባለቤት ስለተዛወረ እንደገና ተመዝገቡ ይላል። የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተሩ ሦስት ጊዜ ጻፉላቸው። የመጣላቸው መልስ ስለ ጻፉልን እናመሰግናለን የሚል፣ ማሽን የጻፈው ነው። በመጨረሻ እንደተረዳነው ድርጅቱ ተሽጧል፤ የገዛው ደግሞ ትልልቅ ሆስፒታሎችን እንጂ እንደ እኛ ያለችውን ትንሽ ክሊኒክ አይፈልግም። የብዙ ዓመት ካርድ ተቆልፎበት ቀረ።

እኔ አንድ የድሮ አመል አለብኝ። ነርስነት ስንማር "ያልተጻፈ ሥራ አልተሠራም" ይሉን ነበር፤ ስለዚህ የወጋኋቸውን ልጆች ስም፣ የወላጅ ስልክና ቀጣይ ቀጠሮ በጥቁር መዝገብ እጽፋለሁ። ወጣቶቹ ይስቁብኝ ነበር። በዚያ ሳምንት መዝገቡን ይዤ ቁጭ ብዬ ደወልኩ። ከ23 ልጆች 19ኙ ተገኙ። የቀሩት አራቱ እኔ በማልገባባቸው ቀናት የተመዘገቡ ናቸው። ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

በዚያው እሑድ የእህቴ ልጅ ቡና ሊጠጣ መጣ። ፕሮግራም ጸሐፊ ነው፤ በእኛ ቤት የተበላሸ ስልክ ሁሉ የሚጠብቀው እሱን ነው። ብሶቴን ነገርኩት። "አክስቴ፣ አንቺ ላይ ብቻ የደረሰ መሰለሽ? እኔ ሙያዬን የተማርኩበት ድርጅት ራሱ እንደዚሁ ነው የጠፋው" አለኝ። ቦርላንድ ይባላል። ሁለተኛው ስኒ እስኪቀዳ አጫወተኝ፤ ሦስተኛው ሲቀዳም አላለቀም።

ቦርላንድ የሚሸጠው የተሠራ ፕሮግራም ብቻ አልነበረም፤ ዋናው ሸቀጡ ፕሮግራም የሚሠራበት መሣሪያ ነበር። አናጢ ወንበር ይሸጣል፤ እነሱ መጋዙንና መላጊያውን ይሸጡ ነበር ማለት ነው። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ልበላችሁና፣ በ1983 በካሊፎርኒያ ስኮትስ ቫሊ በምትባል ከተማ ሥራ ጀመረ። መሪው ፊሊፕ ካን የሚባል ከፈረንሳይ የመጣ ሰው ነው። መጀመሪያ ያወጡት መሣሪያ ቱርቦ ፓስካል ይባላል፤ ሞተሩን የጻፈው አንደርስ ሄይልስበርግ የተባለ የዴንማርክ ወጣት ነው። የሌሎቹ ተመሳሳይ መሣሪያ ብዙ መቶ ዶላር ሲያወጣ፣ የእነሱ 49 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነበር፤ በፖስታ ይላካል። ተማሪው ሁሉ ገዛው።

ከሁሉ የወደድኩላቸው ግን ዋጋውን አይደለም። ከመሣሪያው ጋር የሚሰጡት የውል ወረቀት፣ ይህን ዕቃ እንደ መጽሐፍ ቁጠሩት ይል ነበር። መጽሐፍን አንተ አንብበህ ለጎረቤትህ ብታውሰው ማንም አይከስህም፤ ሁለት ሰው በሁለት ቦታ በአንድ ጊዜ ሊያነበው ግን አይችልም። በዚህ ልክ ተጠቀሙበት ነው ነገሩ። ከእኛ ክሊኒክ ፕሮግራም ውል ጋር አስተያዩት። የእኛን ውል ዶክተሩም እኔም እስከ መጨረሻው አላነበብነውም፤ ጥፋታችን ነው።

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የተቀመጠው በዚያ ሰማያዊ መደብ ላይ ቢጫ ፊደል በሚጻፍበት የቱርቦ ፓስካል ገጽ ፊት ነው። እስከ ዛሬ በሕልሜ አየዋለሁ ይላል። የእኔ ትውልድ የመጀመሪያ የማዋለጃ ክፍል አዳሩን እንደሚያልመው መሆኑ ነው።

ታዲያ እንዲህ የተወደደ ድርጅት እንዴት ጠፋ? አንድ ቀን በር ዘግቶ አይደለም። በ1991 አሽተን ቴት የሚባለውን፣ ዲቤዝ የተሰኘውን የመዝገብ ማደራጃ ፕሮግራም የሚሸጠውን ተቀናቃኙን ወደ 440 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ገዛ። ሰው ከበላው በላይ ሲጎርስ ያው ነው። ከማይክሮሶፍት ጋር የሚደረገው ግብግብም በረታ። በ1995 መጀመሪያ ካን ከሥራ አስኪያጅነቱ ለቀቀ። በ1996 ሄይልስበርግ ራሱ ወደ ማይክሮሶፍት ሄደ። እሱ ብቻም አልነበረም፤ በ1997 ቦርላንድ ማይክሮሶፍትን ሲከስ በ30 ወር ውስጥ 34 ሠራተኞች ተወስደውብኛል ብሎ ነው። ይህን ስሰማ ስንት ጥሩ ነርስ ያሠለጠንኩባት የድሮዋ ክፍሌ ትዝ አለችኝ። አልጋውም መድኃኒቱም እዚያው ነው፤ እጁ የለመደው ሰው ግን አውሮፕላን ተሳፍሯል።

ከዚያ ስም መለዋወጥ መጣ። በ1998 ቦርላንድ ቀረና ድርጅቱ ኢንፕራይዝ ተባለ። ዓላማው ትልልቅ ኩባንያዎችን መሳብ ነበር። የድሮ ደንበኛው ግን ግራ ተጋባ፤ በ2001 ወደ ቦርላንድ ተመለሱ። እኛ ዘንድ የማይድን ልጅ ስሙ ቢለወጥለት ይተርፍ ይሆናል የሚሉ እናቶች ነበሩ። እነሱ ላይ አልፈርድም፤ ጭንቀት ነው። የኩባንያ አለቆች ግን ከምን ጭንቀት እንደሆነ አልገባኝም።

በ2006 ደግሞ የፕሮግራም መጻፊያ መሣሪያዎቹ ተለይተው ኮድጊር የሚባል ልጅ ኩባንያ ሆኑ፤ በ2008 ያ ልጅ ኢምባርካዴሮ ለሚባል ሌላ ድርጅት ተሸጠ፣ ወደ 23 ሚሊዮን ዶላር። አሽተን ቴት የተገዛበትን ዋጋ አስታውሱ። በ2009 የቀረውን የቦርላንድ አካል ማይክሮ ፎከስ የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ ገዛው። በ2015 ኢምባርካዴሮን ራሱን አይዴራ የሚባል ገዛው። በ2023 ማይክሮ ፎከስን በተራው ኦፕን ቴክስት የሚባል የካናዳ ኩባንያ ዋጠው። አንዱ ዓሣ ሌላውን ሲውጥ ያንን ደግሞ ሌላ ይውጠዋል። ቦርላንድን ፈልጌ ልሂድ ብትሉ የምታንኳኩት በር የለም።

እኔም በሙያዬ ይህን አላጣሁትም። ወጣት ነርስ ሳለሁ በመድኃኒት ካርቶን ላይ የማነበው ሲባ ጋይጊ የሚል ስም ነበር። በ1996 ከሳንዶዝ ጋር ተዋሕዶ ኖቫርቲስ ሆነ። ለእኛ ግን መድኃኒቱ አልጠፋብንም፤ ምክንያቱም መድኃኒት ከነጋዴው ስም ሌላ የራሱ የሆነ ስም አለው። ላሲክስ ብትሉት የነጋዴው ነው፤ ፉሮሰማይድ ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ማንም ያምርተው ማን፣ ፋርማሲው ያውቀዋል። ሆስፒታሎቻችንም ስማቸው ተለውጧል። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆነ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴው የካቲት 12 ተባለ። አሮጊቶች በድሮው ስም እየጠሩ መጥተው ይታከሙ ነበር፤ ስሙ ሌላ ቢሆንም ካርድ ክፍሉ እዚያው ነዋ!

በኮምፒውተሩ ዓለም ግን ካርድ ክፍሉም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ለዚህ ነው የእህቴን ልጅ የመጨረሻ ወሬ ጆሮዬን ሰጥቼ የሰማሁት። ዴልፊ የሚባለው፣ ቦርላንድ በ1995 ያወጣው መሣሪያ ዛሬም በአዲሱ ባለቤት ስም ይሸጣል። ከዚያ በተጨማሪ በጎ ፈቃደኞች ፍሪ ፓስካል የሚባል፣ ለማንም በነፃ የሚሰጥ መሣሪያ ሠርተዋል። እሱ ተማሪ ሳለ የጻፈውን ፕሮግራም በቅርቡ አውጥቶ በዚህ መሣሪያ ሞከረው፤ ሁለት ሦስት ቦታ ነካክቶ ሠራለት። ምክንያቱም የጻፈው ጽሑፍ ማንም በሚያነበው ተራ ፋይል በእጁ ነበረ። ድርጅቱ ቢሞትም ጽሑፉ አልተቆለፈበትም። "አየሽ አክስቴ፣ ያንቺ ጥቁር መዝገብ ማለት ነው" አለኝ። ቡናውን ደግሜ ቀዳሁለት።

በነገራችን ላይ ያ ፊሊፕ ካን ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ፤ እንደ አዋላጅነቴ ማለፍ አልችልም። በሰኔ 1997 ሚስቱ ሳንታ ክሩዝ ከተማ ምጥ ላይ ሳለች እሱ እዚያው የማዋለጃ ቤት ተቀምጦ ካሜራውን፣ ላፕቶፑንና ሞባይሉን በሽቦ አገናኘ። ሕፃኗ ስትወለድ ፎቶዋን አንስቶ በዚያው ቅጽበት ከ2,000 ለሚበልጡ ወዳጅ ዘመዶች ላከ። ከካሜራ ስልክ የተላከ የመጀመሪያው ፎቶ ይሉታል። ስንት ዓመት ሳዋልድ በኮሪደር የሚንቆራጠጥ፣ የሚጸልይ፣ የሚያለቅስ አባት አይቻለሁ፤ ሽቦ የሚቀጥል ግን አላየሁም። ሚስትየው ምን እንዳለችው ብሰማ ደስ ባለኝ።

ወደ ክሊኒኳ ልመልሳችሁ። ዶክተሩ አዲስ ፕሮግራም ሊገዙ ሲሉ ተቀምጠን ተነጋገርን። እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፤ በየወሩ መጨረሻ ዝርዝሩን በተራ ሰንጠረዥ አውጥቶ ይሰጠናል ወይ? ሻጩ "ለምን አስፈለገዎት ሲስተር? ሁሉም ደመና ላይ ነው" አለኝ። እኔ ደግሞ ደመና ሲነፍስበት አይቻለሁ አልኩት። እንዲያወጣልን በውሉ ላይ ተጻፈ። አሁን በየወሩ ይታተማል፤ የካርድ ክፍሏ ልጅ በክላሰር አስራ ታስቀምጠዋለች። እናንተም ቤት የልጆቻችሁን የክትባት ካርድ በስልክ ፎቶ አንስተናል ብላችሁ አትጣሉት።

ከአራቱ ልጆች ሦስቱ ተገኝተዋል። አንደኛው የመጣው በጎረቤቱ ልጅ በኩል ነው፤ ሁለቱ ቀጠሯቸው ሲያልፍ ራሳቸው መጡ። አራተኛውን እስከ ዛሬ አላገኘነውም። ዕድሜው 11 ነው። ስልኩ የነበረው በዚያ ፕሮግራም ውስጥ ብቻ ነው። የካርድ ክፍሏ ልጅ የምታስታውሰው ከእናቱ ጋር ከሳሪስ በኩል በታክሲ እንደሚመጣና መርፌ ሲወጋ እንደማያለቅስ ነው። ሁለት መርፌ አልፎታል።

እናቱ ይህን ካነበብሽ፣ ወይም የምታውቋት ካላችሁ ንገሩልኝ፤ ያልተደወለልሽ መርፌው ስላለቀ ወይም ስለቀረ አይደለም። እኛ ጋ መምጣት ካልተመቸሽ የክትትል ወረቀቱን ይዘሽ በአቅራቢያሽ ወዳለው ጤና ጣቢያ ውሰጂው። በዚህ ሳምንት።