ዘጠኝ ላይ መቆለፍ ምን ይሉታል?
እ.ኤ.አ. በ2004 የአቴንስ ኦሊምፒክ እኛ ዓይናችን ቀነኒሳ ላይ እንዳለ ጀርመናዊው ማንፍሬድ ኩርዘር በ10 ሜትር ተንቀሳቃሽ ዒላማ ተኩስ ወርቅ ወሰደ። በዚያ ውድድር የሚፈቀደው የጠመንጃ መነጽር ቢበዛ 4 ጊዜ የሚያጎላ ነው። ታዲያ ስፖርት አዳኙ ከ3 እስከ 9 የሚያጎላ መነጽር ገዝቶ ሁሌ 9 ላይ የሚቆልፈው ለምንድነው? ካሜራማኑ ኳሷን ብቻ ሲያጎላት ከጀርባ የሚሮጠው አጥቂ ይጠፋብን የለ? ይሄም ያው ነው፤ በጎላ ቁጥር እይታው ይጠባል፣ የእጅ መንቀጥቀጡም አብሮ ይጎላል። በ3 ፈልጎ ካገኙ በኋላ ማጉላት ይሻላል።

ገንዘቡን መነጽሩ ላይ ጨርሶ በርካሽ ማቀፊያ የሚያስርም አለ! ብሎኑ ከላላ ትናንት ዒላማውን የመታው ጠመንጃ ዛሬ ይስታል። ብሎኖቹ በየተራ፣ እኩል ይጥበቁ። መስታወቱን በሸሚዝ ጫፍ ማሸትም ይቅር፤ አቧራው ይቧጭረዋል፣ መጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ ይራገፍ።