አስፈራርቼ ያስተማርኳችሁ ነገር

ይቺን ጽሑፍ በተለይ ለባዮሎጂ ተማሪዎቼ ነው የምጽፋት። ሌሎቻችሁም ግን አንብቧት።

ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የሥነ ተዋልዶ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ሴቶቹን ለብቻ አስቀርና «ያስወረደች ሴት ማህፀኗ ይበላሻል፤ ኋላ ልጅ ብትፈልግ አታገኝም» እል ነበር። ክፍሉ ጸጥ ይላል። እኔም ጸጥታውን አይቼ «ዛሬ በደንብ ገባቸው» ብዬ እወጣለሁ። ሐሳቤ እናንተን መጠበቅ ነበር። ያልኳችሁ ነገር ግን እውነት አልነበረም።

ባለፈው ዓመት አንዷ ተማሪዬ ደወለችልኝ። (እሷም ባሏም ፈቅደውልኝ ነው የምጽፈው።) ካገባች አራት ዓመቷ ነው፣ አልወለደችም። «ቲቸር፣ እርስዎ ያሉት ደረሰብኝ» አለችኝ። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እያለች ጤና ጣቢያ ሄዳ በባለሙያ ጽንስ አቋርጣ ነበር። ለእናቷ አልነገረችም፣ ለባሏ አልነገረችም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ለሐኪሟም አልነገረችም። አራት ዓመት ሙሉ ጸበል ስትመላለስ፣ ስታለቅስ፣ «እግዜር ቀጣኝ» ስትል ኖራለች። ባሏ አንድ ቀን እንኳን ተመርምሮ አያውቅም። ለምን ይመርመር? ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ብላ በልቧ ፈርዳ ጨርሳለቻ!

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ፍርዱን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ።

አሁን በትክክል ላስተምራችሁ። በሠለጠነ ባለሙያ፣ በትክክለኛው መድኃኒት (ሚፌፕሪስቶንና ሚሶፕሮስቶል) ወይም በቫኪዩም መሳሪያ የሚደረግ ጽንስ ማቋረጥ ሴትን መካን አያደርግም። እንዲያውም ብዙ ሴቶች የማያውቁት ነገር አለ፦ የወር አበባ ገና ተመልሶ ሳይመጣ፣ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ እንደገና ማርገዝ ይቻላል። ለዚህ ነው ባለሙያዎች እዚያው የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚያማክሩት።

ታዲያ «እገሊት አስወርዳ መካን ቀረች» የሚባለው ሁሉ ውሸት ነው? አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው ከአሠራሩ ነው። ባልጸዳ መሳሪያ ወይም በባዕድ ነገር ሲሠራ፣ ወይም የጽንሱ ቅሪት ማህፀን ውስጥ ሲቀር ኢንፌክሽን ይፈጠራል። ኢንፌክሽኑ ወደ ላይ ወጥቶ የማህፀን ቱቦዎችን ሊያጣብቅ ይችላል። ያኔ እንቁላሉና የወንዱ ዘር አይገናኙም፣ ወይም ጽንሱ ቱቦው ውስጥ ይቀራል። ማህፀንን በስለታማ ብረት መፋቅም የውስጥ ግድግዳውን አቁስሎ እርስ በርሱ ሊያጣብቀው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ዘዴ ፋንታ ቫኪዩም ወይም መድኃኒት ይሁን የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። በነገራችን ላይ ቱቦን ለመዝጋት ውርጃ የግድ አይደለም፤ ያልታከመ ክላሚዲያ ወይም ጨብጥም ይዘጋዋል።

አንዳንዶቻችሁ «ቲቸር፣ እንዲህ ከተባለማ ልጆቹ ምን ይፈራሉ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም ለዓመታት ያሰብኩት እንደዚያው ነበር። ግን ፍርሃቱ ምን ሠራ? እርግዝናን አላስቀረም። ያስቀረው ጥያቄን ነው። የፈራች ልጅ ጤና ጣቢያ አትሄድም፣ በጓደኛ በኩል ሰፈር ውስጥ ሰው ትፈልጋለች። ትኩሳት ሲይዛት ትደብቃለች። ማለትም «መካን ትሆኛለሽ» ያልናት ማስፈራሪያ ራሱ መካን ወደሚያደርጋት ቦታ ይገፋታል። ጽንስ ማቋረጥ ኃጢአት ነው ብሎ የሚያምን እምነቱን ይናገር፣ መብቱ ነው። ግን ለእምነት ሲባል ስለ ማህፀን መዋሸት አያስፈልግም።

ሕጉንም እወቁት። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 551 በመደፈር ወይም በዘመድ መካከል ለተፈጠረ እርግዝና፣ የእናቲቱ ወይም የጽንሱ ሕይወት ወይም የእናቲቱ ጤና አደጋ ላይ ሲሆን፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖረው፣ እናቲቱም በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት አለዚያም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጅ ለማሳደግ የማትችል ስትሆን በሕክምና ማቋረጥን አይቀጣም። ለተደፈረች ሴት የራሷ ቃል በቂ ነው። የትም ይሠራ የት ደግሞ፣ ከዚያ በኋላ ትኩሳት፣ መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ፣ የበረታ የሆድ ሕመም ወይም የማያቆም ደም ካለ ያን ዕለት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ቀኑ በቆየ ቁጥር ነው ቱቦው የሚጎዳው።

ልጅ እየፈለጋችሁ ዓመት ካለፋችሁ (ሚስት ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ስድስት ወር) ሁለታችሁም ተመርመሩ። የወንዱ ምርመራ ቀላል ነው፤ ዘሩን ሰጥቶ መምጣት ነው። አንቺ ደግሞ ያለፈውን ለሐኪምሽ ብቻ እንኳን ንገሪ። ሐኪሙ የሚጠይቅሽ ሊፈርድብሽ ሳይሆን የት እንደሚፈልግ እንዲያውቅ ነው።

ተማሪዬና ባሏ በመጨረሻ አብረው ሄዱ። የእሷ ማህፀንም ቱቦዎቿም ደህና ናቸው። ችግሩ የተገኘው በእሱ በኩል ነው፣ ሕክምና ላይ ናቸው። ልጅ ገና አልመጣም። ግን ስትደውልልኝ «እግዜር ቀጣኝ» ማለቷን ትታለች።

ልጆቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ከእናንተ ውስጥ አሁን መምህራን የሆናችሁ አላችሁ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ከእኔ ወስዳችሁ ከሆነ፣ እባካችሁ እናንተ ጋ ትቁም።