የጉለሌን የጓሮ መንገድ ማን ይመዝግበው?

ወዳጆቼ፣ በተለይ ጂኦግራፊ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ዛሬ የቤት ሥራ ይዤ መጥቻለሁ። ማርክ የለውም፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ጂኦካሺንግ የሚባል ጨዋታ አለ። አንዱ ሰው ትንሽ ዕቃ ውስጥ ደብተር ከትቶ የሆነ ቦታ ይደብቅና የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ኢንተርኔት ላይ ይለቃል። ሌላው በጂፒኤስ እየተመራ ሄዶ ያገኘዋል፤ ስሙን ይጽፋል፤ ዕቃውን እዛው ይመልሳል። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ ነው፤ የአሜሪካ መንግሥት የሕዝቡን ጂፒኤስ ሆን ብሎ ማዛባቱን ባቆመ በቀናት ውስጥ። የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ጨዋታው ሰውን ከአስፋልት አውጥቶ የገጠርና የጓሮ መንገድ ውስጥ ይከተዋል፤ ደባቂውም ብዙ ጊዜ የቦታውን ታሪክ አብሮ ይጽፋል።

እኔ ይሄ ነገር ለጉለሌ ያስፈልጋታል እላለሁ። ሳጥኑ ግን ይቅርብን! እኛ ሀገር ጫካ ውስጥ ሳጥን ሲደብቅ የተገኘ ሰው ለፖሊስ የሚያስረዳው ብዙ ነው። ቦታውንና ታሪኩን ብቻ እንውሰድ።

«ጉለሌ እኮ ታሪክ አላት» ትሉኛላችሁ። አላት። ስሟ ራሱ የኦሮሞ ጎሳ ስም ነው። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉት እንጦጦ ማርያም ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም ስንቱን ሰው ወደ ተራራው አወጣው። እነዚህን ማንም አይረሳቸውም፤ የሚጎበኛቸውም የሚጽፍላቸውም አላቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ከሽሮ ሜዳ በላይ በባሕር ዛፉ መሀል የሚወርደው ቀጭን የእግር መንገድ ነው።

በምኒልክ ዘመን ማገዶ ከማለቁ የተነሳ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን እዚሁ እንዳቆያት ብዙ ተጽፏል። ግን እንጨቱን ከተራራ ወደ ምድጃችን ያወረደው የማን ጀርባ ነው? የሴቶች። ዛሬም ድረስ።

አያቴ አንዷ ነበረች። እሷና ጓደኞቿ ለዛ መንገድ የራሳቸው ካርታ ነበራቸው፦ ውሃ የሚጠጣበት፣ ዘበኛ ሲመጣ ቀድሞ የሚታይበት፣ ሸክሙን ሳይፈቱ ጀርባ የሚያሳርፉበት ወገብ የሚደርስ ድንጋይ። እናቴ በልጅነቷ ድንጋዩ ጋ ቆማ ትጠብቃትና ጭራሮውን ተቀብላ አብራት ትወርድ ነበር። ድንጋዩን ያሳየችኝ እናቴ ናት። ባታሳየኝ ኖሮ ተደግፌው ስልኬን እየነካካሁ አልፈው ነበር።

ከተማችን እየተቀየረች ነው። መንገድ ይሰፋል፣ ሰፈር ይነሳል፤ ለምን ተነካ የምል ሰው አይደለሁም። ነገር ግን እኛ አድራሻ የምንናገረው «ድሮ ወፍጮ ቤቱ የነበረበት ጋ» እያልን ነው። ይሄ አድራሻ የሚሠራው ወፍጮ ቤቱን ያየ ሰው እስካለ ድረስ ነው። ነዋሪው ሲበታተን፣ ትልልቆቹ ሲያርፉ አድራሻውም አብሮ ይሄዳል።

እንግዲህ የቤት ሥራው ይሄ ነው። በዕድሜ ትልቅ የሆነ ዘመድ ወይም ጎረቤት ይዛችሁ፣ ካልቻሉም ጠይቃችሁ፣ ከሰፈራችሁ ሦስት ቦታ ምረጡ። ቦታው ላይ ቆማችሁ የስልካችሁን ካርታ ክፈቱ፤ ጣታችሁን ጫን ስታደርጉበት ቁጥሮቹን ያወጣላችኋል። 9 ዲግሪ ሰሜንን ለፈተና ሸምድዳችኋል፤ አሁን ለቁም ነገር ተጠቀሙበት። ከዛ አምስት መስመር ጻፉ፦ እዚህ ምን ነበር? ማን ነገራችሁ? ሰውየው ካልፈቀዱ ስማቸውን አትጻፉ፤ የሰው መኖሪያ ቤትም አትጠቁሙ። ጫካ የምትወጡ ደግሞ በቀን፣ ከሰው ጋር ውጡ።

«የፈረንጅ ጨዋታ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ኳስስ የማን ነበር? እንደውም ሽሮ ሜዳ ያሉት ሸማኔዎች ከጋሞ ደጋ እዚህ ድረስ ያመጡት ሙያ የተሻገረው አባት ለልጁ እያሳየ ነው። ታሪክም እንደዛው ነው፤ የሚያሳይና የሚያይ ይፈልጋል።

ውጭ ሀገር ያላችሁም አትቀሩም። እናንተ ጋ ያለው የጉለሌ ትዝታ ከእኛ ሊበልጥ ይችላል፤ ካርታው ላይ ፈልጉና ነጥቡን ላኩልን።

የመጀመሪያውን ነጥብ፣ የአያቴን ድንጋይ፣ ኮሜንት ላይ አስቀምጫለሁ። ሁለተኛውን ማን ይጨምራል?