የበጀት ዓመትና የእንጨት ዓመት፦ ስለ ነባር ቤቶች የመስኮት ጥገና የጊዜ ሰሌዳ

በአዲስ አበባ በአራዳና በፒያሳ አካባቢ ለሚገኙ ነባር ቤቶች መልክ ከሚሰጧቸው ነገሮች አንዱ የእንጨት ሥራቸው ነው። በረንዳው፣ ደረጃውና በተለይም መስኮቱ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መባቻ የሕንድ፣ የአርመንና የአገር ተወላጅ አናጺዎች እጅ ያረፈባቸው ሥራዎች ናቸው። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴልና ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው የራስ ብሩ ሀብተ ገብርኤል ቤት ለዚህ ዘመን የግንባታ ጥበብ የታወቁ ምሳሌዎች ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ በተካሄደው መልሶ ማልማት በርካታ ነባር ቤቶች በመፍረሳቸው፣ የቀሩት ቤቶች የሚጠገኑበት መንገድ ከቀድሞው የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሆኗል።

በእነዚህ ቤቶች ጥገና ወቅት ተደጋግሞ የሚሰማ አንድ ፍርድ አለ፤ «እንጨት አይበረክትም፤ በአሉሚኒየም ይተካ» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም ከዚህ የተለየ ነው። በጥገና የገባ አዲስ የእንጨት መስኮት በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚበላሸው በአብዛኛው በእንጨቱ ደካማነት ሳይሆን፣ የሥራው የጊዜ ሰሌዳ ከእንጨቱ ጠባይ ጋር ስለሚጋጭ ነው። በአጭሩ፣ ሥራው የሚመራው በበጀት ዓመት ነው፤ እንጨቱ ግን የራሱ ዓመት አለው።

የእንጨት ጠባይ

እንጨት ከተቆረጠ በኋላም ከአየሩ ጋር እርጥበት መለዋወጡን አያቆምም። አዲስ የተሰነጠቀ ጣውላ ውስጡ የያዘውን ውኃ እየለቀቀ ሲሄድ ይኮማተራል። መኮማተሩ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም፤ በቁመቱ ከቁጥር የማይገባ ሲሆን፣ የዕድገት ቀለበቶቹን ተከትሎ በሚሄደው አቅጣጫ ግን ከግንዱ መኻል ወደ ውጭ ከሚሆነው በግምት እጥፍ ይደርሳል። እርጥብ ጣውላ የሚጣመመውና የሚሰነጠቀው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ለመስኮት የሚውል እንጨት ከመላጉ በፊት የእርጥበት መጠኑ ከደረቅ ክብደቱ ከ12 እስከ 16 በመቶ ገደማ መውረድ አለበት። በአናጺዎች ዘንድ የቆየው ልማዳዊ ስሌት፣ በጥላ ሥር ነፋስ እንዲያገኘው ተደርጎ የተደረደረ ጠንካራ እንጨት ለእያንዳንዱ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረቱ አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል የሚል ነው። በሙቀት ማድረቂያ ክፍል ጊዜው ወደ ሳምንታት ሊያጥር ይችላል፤ ያም ቢሆን እንጨቱ በእርጥበት መለኪያ ሳይፈተሽ «ደርቋል» ሊባል አይገባም።

የቀደሙት አናጺዎች ይህን ችግር የሚያቃልል አንድ ዕድል ነበራቸው። ጥድ፣ ዝግባና ዋንዛ በቅርብ ይገኙ ነበር። በተለይ ያረጀ የጥድ ግንድ ልብ ምስጥንና መበስበስን በመቋቋም የታወቀ ነው። ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ እነዚህን ሦስት ዛፎችና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሏል፤ ክልከላውም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ገበያው ላይ በብዛት የሚገኘው በፍጥነት ያደገ ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ በመሆኑ፣ የዛሬ አናጺ ከአባቶቹ የበለጠ የማድረቂያ ጊዜ ያስፈልገዋል። የሚሰጠው ግን ያነሰ ነው።

ሰኔ ላይ የሚገጠም መስኮት

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሰኔ 30 ያበቃል። ዝግጅቱ፣ ጨረታውና የውል ስምምነቱ የዓመቱን አጋማሽ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ የግድግዳውና የጣሪያው ሥራ ይቀድማል፤ መስኮት የመጨረሻው ተራ ይደርሰዋል። ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ እንዳይሆን ሲባል ግንቦትና ሰኔ የጥድፊያ ወራት ይሆናሉ። በዚህም ሳቢያ ጣውላው በግንቦት ተገዝቶ፣ በዚያው ወር ተልጎ፣ ክረምቱ በገባበት በሰኔ ይገጠማል።

ውጤቱን አስቀድሞ መናገር አያስቸግርም። እርጥብ ሆኖ የተገጠመው መስኮት በቀጣዩ በጋ ይደርቃል፤ መጋጠሚያዎቹ ይላቀቃሉ፤ ቀለሙ ይሰነጠቃል፤ መስታወቱን የያዘው ስቱኮ ይረግፋል። በሁለተኛው ሐምሌ ዝናቡ በስንጥቁ ይገባና በታችኛው አግዳሚና በደፉ ላይ ይተኛል። ከጥቂት ክረምት በኋላ መበስበስ ይጀምራል። ያን ጊዜ የሚወቀሰው እንጨቱ ነው፤ የተገጠመበትን ወር የሚያስታውስ የለም። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ከሌላ አገር የሚገኝ ትምህርት

በዚህ ረገድ የእንግሊዝ አገር ነባር መስኮቶች ልምድ ጠቃሚ ነው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በዚያ የተስፋፋው «ሳሽ» የተባለው መስኮት እንደ እኛ በማጠፊያ አይከፈትም። ሁለት የእንጨት ክፈፎች ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታሉ፤ ሚዛናቸውን የሚጠብቀው በጎን ሣጥን ውስጥ የተሰወረ፣ በገመድና በትንሽ ሽክርክሪት የተንጠለጠለ ክብደት ነው። ዝናብ በማይለየው በዚያ አገር ከ200 ዓመት በላይ ያገለገሉ እንዲህ ያሉ መስኮቶች ዛሬም ይከፈታሉ፤ ይዘጋሉ። ምክንያቱ ሁለት ነው፦ እንጨታቸው ቀስ ብሎ ያደገ ጥብቅ እንጨት ነው፤ ክፍሎቻቸውም አንድ በአንድ ይጠገናሉ። ገመዱ ቢበጠስ ገመዱ፣ ደፉ ቢበሰብስ ደፉ ብቻ ይለወጣል።

ከመስኮቱ አሠራር ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የሥራው ቅደም ተከተል ነው። በቅርስነት በተመዘገበ ቤት ላይ መስኮት ለመለወጥ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ሲሆን፣ ውሳኔው በመደበኛነት 8 ሳምንት ይጠበቃል። ከዚያ ልኬቱና የአውደ ጥናቱ ሥራ ተጨማሪ ሳምንታት ይወስዳሉ። አንድ መስኮት በቦታው መግጠም ግን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቀን ያን ያህል አይበልጥም። እኛ «የመስኮት ሥራ» ብለን የምናስበው መግጠሙን ነው፤ እውነተኛው ሥራ ግን ከመግጠሙ በፊት ያልቃል።

ምን ይደረግ?

አሉሚኒየምን የሚመርጡ ወገኖች ክርክር መናቅ የለበትም። ዋጋውና የእንክብካቤው ቀላልነት ለአዲስ ሕንፃ በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በጭቃ ወይም በለስላሳ ማያያዣ በተሠራ ነባር ግድግዳ ላይ ግን ጉዳዩ ይለያል፤ አሮጌውን ክፈፍ ነቅሎ ማውጣት ግድግዳውን ጭምር ይጎዳል፤ የቤቱም ገጽታ ይጠፋል። ስለዚህ የሚከተለው ሰሌዳ ቢታሰብበት መልካም ነው።

ሐምሌና ነሐሴ የምርመራ ወራት ይሁኑ፤ ውኃ በየት እንደሚገባ ከክረምት የተሻለ አስረጂ የለምና። እያንዳንዱ መስኮት ቁጥር ተሰጥቶትና ፎቶግራፍ ተነስቶ፣ የሚጠገነው ከሚተካው ይለይ። የእንጨት ግዢ ከግንባታው ውል ተነጥሎ በመጀመሪያው የበጀት ዓመት ይፈጸም፤ ጣውላውም በጥላ ሥር ይደርደር። ከሚፈርሱ ቤቶች የሚወጣ ያረጀ ጥድና ዝግባ ለማገዶ ከመሄዱ በፊት ይሰብሰብ፤ ይህ ከማንኛውም ገበያ የማይገኝ፣ በአሥርተ ዓመታት የደረቀ እንጨት ነው። በሁለተኛው ዓመት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ መስኮቱ ይሠራ፤ የእንጨቱ ጫፍና መጋጠሚያው ሳይቀር የመጀመሪያው ቀለም ከመገጠሙ በፊት ይቀባ። በጥርና በየካቲት፣ የበልግ ዝናብ ሳይጀምር፣ በክረምት ለሚያብጠው እንጨት ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ተትቶለት ይገጠም። ለሥራ ተቋራጩ የሚያዘው የዋስትና ገንዘብም መስኮቱ አንድ ሙሉ ክረምት አልፎ ከተመረመረ በኋላ ይለቀቅ።

ይህ ሁሉ አዲስ ሕግ ወይም ከፍተኛ ተጨማሪ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። የሚጠይቀው አንድን ውል ለሁለት መክፈልና የቀን መቁጠሪያን ማስተካከል ነው። ገንዘቡን በሰኔ 30 ለመዝጋት ስንል ከመቶ ዓመት በላይ የቆየውን መስኮት በአምስት ዓመት መስኮት ከለወጥን፣ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ሥራው ተጠናቋል፤ በቤቱ ላይ ግን ገና አልተጀመረም።