ገበናችንን በኪሳችን፣ ቁልፉን ለመንገደኛ፤ እስከ መቼ?



ይህን ጽሑፍ የምንጀምረው ሌላውን በመውቀስ ሳይሆን ራሳችንን በመክሰስ ነው። ባለፈው መንፈቅ ዓመት ማኅበራችን ለችግረኛ ተማሪዎች ርዳታ ለመስጠት ማመልከቻ ተቀብሎ ነበር። አመልካቹ ሁሉ ስሙን፣ የመጣበትን አገርና የተቸገረበትን ምክንያት ጽፎ ሰጠን። አንዱ የአባቱን ሞት፣ አንዷ ደግሞ ሕመሟንና የምትወስደውን መድኃኒት ሳይቀር ገለጸችልን። እኛም ዝርዝሩን በአንድ ፍላሽ ላይ አኖርነው፤ ሥራው ሲያልቅም ያጠፋነው መስሎን ተረጋጋን። ከእኛ አንዱ ያንኑ ፍላሽ ለዶርም ጓደኛው አዋሰ። ጓደኛው ቫይረስ ገብቶበት ፍላሹን በችኮላ ፎርማት አደረገው፤ በኋላ ግን የመመረቂያ ጽሑፉ እዚያው እንደ ነበረ ትዝ አለውና የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም አምጥቶ አስፈተሸ። የራሱ ጽሑፍ ተመለሰለት፤ ከእርሱ ጋርም የእኛ ዝርዝር ተነሥቶ መጣ።

በሦስተኛው ቀን ማን ገንዘብ እንደ ጠየቀ፣ ማን ምን እንደ ታመመ፣ የምግብ አዳራሹ ሁሉ ያወራ ነበር። ከአመልካቾቹ አንዷ ጥያቄዋን ሰረዘች። የሰረዘችውም ችግሯ ስለ ተቃለለ ሳይሆን ስላፈረች ነው። ያሳፈርናት ደግሞ እኛ ነን።

ይቅርታ ጠይቀናታል፤ ነገር ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። የቀረን ነገር ቢኖር ሌላው ከእኛ ስሕተት እንዲማር እውነቱን በግልጽ መናገር ብቻ ነው። እውነቱም ይህ ነው፤ በዚህ ግቢ ውስጥ ከተማሪው እስከ መምህሩ ሁላችንም ገበናችንን በቁልፍ መያዣ ላይ አንጠልጥለን እንዞራለን፤ ከዚያም ላይ የቀረ ቁልፍ ቢኖር የፍላሹ ቁልፍ ብቻ ነው።

እስቲ እያንዳንዳችን ኪሳችንን እንፈትሽ። በዚያች ጣት በማታክል ዕቃ ላይ ምን አለ? የመመረቂያ ጽሑፍ አለ፤ የፋይዳ መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ ቅጂ አለ፤ የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ አለ፤ ለጥናት ብለን ቃላቸውን የተቀበልናቸው ሰዎች ምስክርነት አለ። በመምህራኖቻችን ፍላሽ ላይ ደግሞ ያልተሰጠ የፈተና ጥያቄና ያልተለጠፈ ውጤት አለ። ይህን ሁሉ ተሸክመን በመመረቂያው ሰሞን ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት እንሮጣለን። ፍላሹን ለሠራተኛው እንሰጣለን፤ እርሱም ወረፋው ስለ በዛበት ፋይሉን ወደ ራሱ ኮምፒዩተር ገልብጦ ይመልስልናል። የታተመውን ወረቀት ይዘን እንሄዳለን፤ ቅጂው ግን እዚያው ይቀራል። ከእኛ በኋላ የመጣው ተማሪ በዚያው ስክሪን ላይ የማንን ሥራ እንደሚያይ የሚያውቅ አለን? ሠራተኛውን ሌባ ማለታችን አይደለም። በሩን ክፍት ትቶ የወጣ ሰው ጎረቤቱን ሊከስ አይገባውም ማለታችን ነው።

ብዙዎቻችን የምንታለልባቸው ሦስት ከንቱ እምነቶች አሉ።

አንደኛው፤ «አጥፍቼዋለሁ» የሚለው ነው። ፋይል ስናጠፋ የሚሆነው ከመጽሐፍ ማውጫ ላይ የአንዱን ምዕራፍ ርእስ እንደ መሰረዝ ያለ ነው። ብዙ ፍላሾች በሚሠሩበት ፋት 32 በሚባለው አደረጃጀት፣ የሚለወጠው የፋይሉ ስም የመጀመሪያ ፊደል ነው፤ የያዘውም ቦታ ነጻ ነው ተብሎ ይመዘገባል። ጽሑፉ ራሱ ግን ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በቦታው ተኝቶ ይቆያል። ፈጣኑ ፎርማትም ቢሆን ማውጫውን እንጂ ገጾቹን አያቃጥልም። በላዩ ላይ ሌላ ጽፎ መሸፈን እንኳ ሙሉ ዋስትና አይሰጥም፤ ፍላሽ ቶሎ እንዳያረጅ አዲሱን ጽሑፍ ወደ ሌላ ክፍል እያዞረ ስለሚያኖር አሮጌው ሊተርፍ ይችላል።

ሁለተኛው፤ «ሰውሬዋለሁ» የሚለው ነው። ፎልደርን መሰወር መጋረጃ መጋረድ ነው፤ በዊንዶውስ ላይ አንዲት ምልክት ያደረገ ሁሉ መጋረጃውን ይገልጠዋል። ይህንንማ ፎልደራችንን ሰውሮ በቦታው ሾርትከት የሚያኖረው ቫይረስ ሳይቀር ያውቀዋል።

ሦስተኛው፤ «ኮምፒዩተሬ የይለፍ ቃል አለው» የሚለው ነው። የኮምፒዩተሩ የይለፍ ቃል የቤት በር ቁልፍ ነው፤ ፍላሹ ግን ከቤት ወጥቶ የሚሄድ ልጅ ነው። ፋት 32ም ሆነ ኤክስፋት ይህ የእገሌ ነው፣ እገሌ አይይ የሚል መዝገብ የላቸውም። የሰካው ሁሉ ያነባል።

ታዲያ የወደቀ ፍላሽ አግኝቶ የሚሰካ ማን ነው? መልሱን ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እንስማ። በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 297 ፍላሾችን በግቢው ውስጥ ጣል ጣል አድርገው ነበር፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። ከ297ቱ 290ው ተነሡ፤ ቢያንስ 45 በመቶ በሚሆኑት ላይ ደግሞ ሰው ሰክቶ ፋይል ከፈተ። የመጀመሪያው የተሰካው ስድስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ነው። ከከፈቱትም ብዙዎቹ ባለቤቱን ፈልገው ለመመለስ ያሰቡ ቅን ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ገበናችን እንዲወጣ ክፉ ሰው አያስፈልግም፤ ደግ ሰውም ይበቃል።

ይህ የተማሪ ዝርክርክነት ብቻ ነው የሚል ቢኖር ደግሞ የእንግሊዝን መንግሥት ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2007 የአገሪቱ የግብር መሥሪያ ቤት የ25 ሚሊዮን ሰዎችን መረጃ፣ ከእነርሱም መካከል የሕፃናትን ስምና የወላጆችን የባንክ ቁጥር፣ በሁለት ዲስኮች ላይ አድርጎ ላከ፤ ዲስኮቹም በመንገድ ጠፉ። የይለፍ ቃል ነበራቸው፤ ጽሑፉ ግን አልተመሰጠረም ነበር።

የክርክሩ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። በር መዝጋትና ጽሑፉን ራሱን ማመስጠር የተለያዩ ናቸው። የተመሰጠረ ፋይል ቢሰረቅ፣ ቢጠፋ፣ ከተሰረዘ በኋላ ቢመለስ እንኳ የይለፍ ቃሉን ለማያውቅ ሰው ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ነው። የእኛም ዝርዝር ከመጀመሪያው ተመስጥሮ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ፕሮግራም ቢያነሣው ማንም ባላነበበው ነበር።

ለዚህ ሐሳብ ከሚቀርቡልን መቃወሚያዎች ዋና ዋናዎቹን እንመልስ።

«የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው ምን ያስፈራዋል?» ይሉናል። እኛም እንጠይቃለን፤ እናቶቻችን ሣጥናቸውን የሚቆልፉት ወንጀል ደብቀውበት ነውን? ደብዳቤስ በፖስታ ታሽጎ የሚላከው ስለ ምንድን ነው? ያቺ እኅታችን የደበቀችው ጥፋት አልነበረም፤ ሕመሟን ነበር። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር መብት ሲያደርገው፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ሲያዝ፣ ለወንጀለኛ ብሎ አይደለም። ይሁን እንጂ አዋጅ ፍላሽ አይቆልፍም፤ የሚቆልፈው የባለቤቱ እጅ ነው።

«ለድኻ ተማሪ ውድ ነው» ይሉናል። ቬራክሪፕትም ሆነ ሰቨን ዚፕ በነጻ የሚገኙ ናቸው። የዊንዶውስ ፕሮ ወይም የኤዱኬሽን እትም ያለው ደግሞ ቢትሎከርን እዚያው ያገኘዋል፤ በእርሱ የተቆለፈውን ፍላሽ ሌላው የዊንዶውስ እትምም የይለፍ ቃሉን ከሰጡት ይከፍተዋል።

«የይለፍ ቃሉን ብረሳውስ?» ይሉናል። ይህ እውነተኛ ሥጋት ነውና አንንቀውም። የተመሰጠረው ፋይል ባለቤቱንም አያውቅም፤ ቃሉን የረሳ ጽሑፉን ያጣል። ስለዚህ ቢትሎከር የሚሰጠውን ባለ 48 አኃዝ መመለሻ ቁጥር በወረቀት ጽፎ፣ ከፍላሹ አርቆ ማኖር ይገባል። ተጨማሪ ቅጂም በሌላ ቦታ ይኑር። ፍላሽ ማመላለሻ እንጂ ጎተራ አይደለም።

ማመስጠር ሁሉን ይፈውሳል ብለን ግን አናታልልም። ቬራክሪፕት በቤተ ሙከራ ኮምፒዩተሮች ላይ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቃል። ሰቨን ዚፕ ፋይሉን ስንከፍት በኮምፒዩተሩ ላይ ጊዜያዊ ቅጂ ሊተው ይችላል። በማናውቀው ኮምፒዩተር ላይ የይለፍ ቃላችንን ከጻፍን ደግሞ ቁልፉን ራሱን ለባዕድ አስረከብን ማለት ነው። ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው፤ ሁለት ፍላሽ ይኑረን። አንደኛው ተመስጥሮ በራሳችን ወይም በምናምነው ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ይሰካ፤ ሁለተኛው ባዶ ሆኖ፣ በዚያን ዕለት የሚታተመውን ፋይል ብቻ ይዞ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሂድ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ።

የትምህርት ክፍሎችን የምንጠይቀው የተማሪን ማስረጃና የጥናት መረጃ ባልተመሰጠረ ፍላሽ መቀበልና ማመላለስ እንዲያቆሙ፣ በቤተ ሙከራ ኮምፒዩተሮችም ላይ የማመስጠሪያ ፕሮግራም እንዲያስገቡ ነው።

መምህራኖቻችንን በአክብሮት የምንጠይቀው የእኛን ውጤት እንደ ራሳቸው ደመወዝ ወረቀት እንዲጠብቁልን ነው። የሰውን ቃል ሰብስበን እንድናጠና ሲልኩንም፣ የሰበሰብነውን እንዴት እንደምንጠብቅ አስቀድመው ያስተምሩን። ያ ሰው ምሥጢሩን የነገረን አምኖን ነው።

ማኅበራችንን ደግሞ አንጠይቅም፤ እናስገድዳለን። ከዚህ ቀን ጀምሮ የአባል ስም የያዘ ማናቸውም ፋይል ሳይመሰጠር ፍላሽ ላይ እንዳይወጣ፣ የማኅበሩም ፍላሽ ለማንም እንዳይዋስ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሐሳብ እናቀርባለን። እጃችሁን አንሥታችሁ እንድትደግፉን እንለምናችኋለን።

አበው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ። እኛ ዘግይተን መጮኻችንን እናውቃለን። ነገር ግን ሌላ ጅብ አይመጣም ያለ ማን ነው? በመጪው መንፈቅ ዓመት ማኅበሩ እንደ ገና የርዳታ ማመልከቻ ይቀበላል። በዚያን ጊዜ ያቺ እኅታችን ያለ ፍርሃት ተመልሳ ስሟን እንድትጽፍ እንፈልጋለን። ፍላሻችንን የምንቆልፈው ለዚህ ነው።