ሸዋና የውኃው መንገድ

የሸዋን መልክዐ ምድር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ውኃው ወዴት እንደሚወርድ ቢጠይቅ ብዙ ይጠቀማል። የእንጦጦ ተራራ የሁለት ታላላቅ ወንዞች ድንበር ነው፤ ይኸውም በሰሜን በኩል የዘነመው ዝናም ወደ ዓባይ ሲሄድ፥ በደቡብ በኩል የዘነመው በአቃቂ አድርጎ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽም ከባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር፥ በአቤ ሐይቅ ይቀራል።

የሸዋ ከተማም እንደ ውኃው ወደ ታች ሲወርድ ኖሯል። ምኒልክ ገና ንጉሥ ሳሉ ከአንኮበር ወጥተው በእንጦጦ ራስ ላይ ከተሙ፤ ነገር ግን ብርዱ ስለ በረታና ማገዶው ስለ ራቀ፥ በ1879 ዓ.ም. ፍል ውኃ ካለበት ሜዳ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ የመጣው ምድር ባቡር ወደ ከተማይቱ የገባው በአቃቂ በኩል ነው። ወደ አዳማ የተከፈተው ፈጣን መንገድም ከቱሉ ዲምቱ ይነሣል።

ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። በባሌ የሚገኘው ባለ 4377 ሜትር ተራራ በስም ሞክሼው ነው እንጂ ቦታው ሌላ ነው። ቀድሞ ጤፍና ስንዴ ይበቅልበት በነበረው በዚህ በአቃቂው ሜዳ ላይ ዛሬ የኮንዶሚኒየም ፎቆች ተደርድረው ብዙ ቤተሰብ ይኖርባቸዋል።

እንግዲህ ከላይ ያለው ሰው የሚጥለው ጥራጊ፥ የፋብሪካውም ፍሳሽ፥ ትልቁንና ትንሹን አቃቂ ተከትሎ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል። በዚሁ ወንዝ ዳር ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ጎመኑም ተጭኖ ወደ ላይኛው ከተማ ገበያ ይመለሳል። ከዚህም በላይ ከከተማው የመጠጥ ውኃ ከፊሉ የሚቀዳው ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ስለዚህ የላይኛው ሰው የታችኛውን ጎረቤቱን ሲበድል የገዛ ማዕዱን መበደሉ ነው።

ተማሪዎቻችን አዋሽ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚቀር በቃላቸው ይወጡታል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን፥ አንባቢ ሆይ፥ ከቤትህ ጓሮ የሚወጣው ቦይ ከየትኛው ወንዝ እንደሚገባ ታውቃለህን? ካላወቅህ በሚመጣው እሑድ ተከትለኸው ውረድ። ነገ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀምጠህ ለፋብሪካ ወይም ለመንደር ፈቃድ የምትፈርመው አንተ ነህና፥ ብዕሩን ከማንሣትህ በፊት ውኃው የሚያልፍበትን ሰፈር በዓይንህ ያየኸው ይሁን።